በሬዲዮ የማይነገር

ሰው ሲያንዛዛ አልወድም። ባለቤቴ «ይህ ከጦሩ ይዘኸው የመጣኸው በሽታ ነው» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ዛሬም ጂንካ ውስጥ ባጃጅ ተሳፍሬ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው በሞባይሉ «እንዴት ነህ? ደህና ነህ ወይ? ቤተሰብ ሰላም ነው? ከብቱስ? ዝናቡስ?» እያለ ከገበያው እስከ ሆስፒታሉ ሲደርስ፣ ጉዳዩን ግን ገና ሳይጀምረው ሲቀር፣ ስልኩን ከጆሮው ላይ መንጠቅ ያምረኛል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «ወንድሜ፣ ፍሬ ነገሩን ተናገርና ዝጋው እንጂ!» ስለው «እርስዎን ምን አገባዎት አባት?» አለኝ። ምንም አላገባኝም። ግን ይህ አመል ዝም ብሎ አልመጣብኝም።

በቀድሞው ጦር ውስጥ የመገናኛ ወታደር ነበርኩ። ሌላው ጠመንጃ ሲሸከም እኔ ጀርባዬ ላይ ሬዲዮ እሸከም ነበር፤ የአዛዡን ቃል ወደ ፊት፣ የፊተኞቹን ቃል ወደ አዛዡ ማድረስ ነው ሥራዬ። ደርግ ሲወድቅ ጦሩ ተበተነ፤ እኔም እንደ ሌላው ሁሉ ግማሹን መንገድ በእግሬ፣ ግማሹን ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ጂንካ ገባሁ። አባቴ ከሰሜን መጥተው እዚህ ከሰፈሩ ሰዎች የሚወለድ ነው፤ እናቴ የዚሁ አገር ተወላጅ፣ አሪ ናት። «ይህን ሁሉ ዓመት እዚያ ምን ስትሠራ ኖርክ?» አለችኝ በአሪኛ። «ስሰማ ነው የኖርኩት» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

አልቀለድኩም። ጦርነት ለእኔ በጆሮ የሚገባ ነገር ነበር። ጠላት የተባለውን ሰው ፊት ለፊት ያየሁባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው፤ የሰማኋቸው ድምፆች ግን እስካሁን ይመጡብኛል። አንድ ጊዜ ኮረብታ ላይ የነበረ የሻምበል ጦር ተከበበ። የሬዲዮ ሠራተኛው ጨዋ ልጅ ነበር፤ አዛዡን ማስደንገጥ ነውር ሆኖ ታይቶት መሰለኝ፣ «ትንሽ ግፊት አለብን» ብቻ አለ። ትንሽ ግፊት! እኔም ቃሉን እንዳለ ለአዛዡ አደረስኩ፤ አዛዡም ትንሽ ከሆነ ይቋቋሙት ብሎ ረዳት ጦሩን ወደ ሌላ ቦታ ላከው። ከሰዓት በኋላ ያንን ኮረብታ ብጠራው፣ ብጠራው የሚመልስልኝ አጣሁ። የሚሰማኝ የሬዲዮው ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለስላሳ ቃል እፈራለሁ። ሰዎች ጦርነት ጥይት ነው ይላሉ። እኔ ስለ ጥይት ብዙ አላውቅም፤ የማውቀው «ተከብቤያለሁ» ማለት ያፈረ ሰው ብዙ ሰው ይዞ እንደሚሞት ነው።

ጂንካ ገብቼ ሥራ ፈትቼ ስንከራተት፣ የሬዲዮ ሠራተኛ ይፈለጋል ተባለና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ያኔ ከጂንካ ወጣ ካልክ ስልክ የሚባል ነገር የለም። ከቆላው፣ ኦሞ ዳር ካሉት ጣቢያዎች ጋር የሚያገናኘን ያ ሬዲዮ ብቻ ነው። ከብት ሲዘረፍ፣ ሰው ሲገደል፣ ወንዝ ሲሞላ፣ ወባ ሲገባ፣ እህል ሲያልቅ ወሬው የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ሁሉም ጣቢያ በአንድ መስመር ነው የሚናገረው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ሁሉ ይሰማል፣ ሁለት ሰው እኩል ከተናገረ ግን ማንም ማንንም አይሰማም። ጠዋት ጠዋት፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ከብት የሚያባርረው ዘበኛ ፉጨት በመስኮት እየገባ፣ ጣቢያዎቹን በየተራ እጠራለሁ።

በየጣቢያው የተቀመጡትን ሠራተኞች ያሠለጠንኳቸውም እኔው ነኝ። ያስተማርኳቸው ወታደር ቤት የተማርኩትን ነው። ከመናገርህ በፊት አዳምጥ። ምን እንደምትል ሳታውቅ የመነጋገሪያውን ቁልፍ አትጫን። ያየኸውን አየሁ በል፣ የሰማኸውን ሰማሁ በል፣ የፈራኸውን ለራስህ ያዘው። ስትጨርስ «ተቀበል» በልና ልቀቅ። መልዕክት የተቀበለ ሰው ቃል በቃል ይደግማል፤ ካልደገመ አልተቀበለም። መጀመሪያ ሰሞን አንዱ «ጦርነት ተነሳ!» ብሎ ጮኸብኝ። ፖሊሶች መኪና ላይ ከወጡ በኋላ «ምን አየህ?» ብዬ ስጠይቀው፣ ሁለት ሰዎች በማር ቀፎ ተጣልተው ሲደባደቡ ነው ያየው። «ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው ይበልጣል» እያልኩ ያን ልጅ አንድ ወር ሙሉ አደረቅሁት። እሱም ሌሎቹም ቀስ በቀስ ገባቸው። እምቢ ያላቸው አንድ ነገር ሰላምታን መተው ነው።

ምን ይደረግ፣ አገሩ ነው። ሐመሩም፣ በናውም፣ አሪውም ሰላምታ ሳያደርስ ጉዳይ የሚጀምርን ሰው ወይ እብድ ወይ ፖሊስ ነው ብሎ ነው የሚያየው። አንዱ ጣቢያ ሲከፍት ሌሎቹ ሁሉ «እንዴት አደርክ» ሊሉት ይሻማሉ፤ ባትሪው እዚያው ያልቃል። «ሰላምታችሁን ገበያ ላይ ተሰጣጡ! ይህ የመንግሥት ባትሪ ነው!» እያልኩ እጮህባቸዋለሁ። እኔ ራሴ በዚያ መስመር ላይ ማንንም እንዴት አደርክ ብዬ አላውቅም። ክፉ ሰው ነው ይሉኝ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። ይበሉኝ።

ትእዛዜን አክብሮ የያዘው የካንጋተኑ ልጅ ነበር። ካንጋተን ከኦሞ ወንዝ ማዶ ነው፤ ያኔ ድልድይ ስላልነበረ ሰው የሚሻገረው ከግንድ በተፈለፈለ ጀልባ ነው። ልጁ አሪ ነው፤ ትውልዱ ካኮ፣ ከጂንካ ወረድ ብላ ያለችው የገበያ መንደር። አባቱ በልጅነቱ ሞቶ፣ እናቱ ገበያ ላይ ሙዝና ዝንጅብል እየሸጠች እሱንና አንድ ታናሽ ወንድሙን ብቻዋን አሳደገች። ሌላው ሰው ካንጋተን ተመደብክ ሲባል ያለቅሳል፤ እሱ ግን የዚያን አገር ሰዎች፣ የኛንጋቶሞችን ቋንቋ ለምዶ፣ ወንዙ ዳር ካሉት ሽማግሌዎች ጋር ወዳጅ ሆኖ ተቀመጠ። ሲናገር ቃሉ የተመዘነ ነው። «ከማዶ ሰዎች መጥተዋል። መሣሪያ ይዘዋል፤ አልተኮሱም። ሽማግሌዎች እያነጋገሯቸው ነው። ተቀበል።» በቃ። ያን ልጅ እወደው ነበር፤ ነግሬው ግን አላውቅም። መስመሩ ለዚያ አይደለም።

ታናሽ ወንድሙ ሌላ ፍጥረት ነው። ሳቂታ፣ ለፍላፊ። እሱም የሬዲዮ ሠራተኛ ልሁን ብሎ መጥቶ ነበር፤ «ለአንተ ምላስ ባትሪ አይበቃም፣ ጄነሬተር ነው የሚያስፈልግህ» ብዬ መለስኩት። ሰሜን ድንበር ላይ ጦርነቱ ሲነሳ፣ ከጂንካና ከዙሪያዋ ከተመዘገቡት ወጣቶች ጋር ተመዘገበ። ሊሄዱ ሲሉ የቢሮዬ በር ላይ መጥቶ ቆመና «ጋሼ፣ ወንድሜን ልሰናበተው፤ አንዴ ብቻ» አለኝ። ደንቡ አይፈቅድም። መነጋገሪያውን ሰጠሁትና «ቶሎ በል» አልኩት። ያ ሁሉ ምላስ ተሳሰረ። «እማን አደራ» አለ፤ «ተቀበል» ማለቱንም ረስቶ መነጋገሪያውን መለሰልኝ። ከወዲያ ወንድሙ «ደርሷል» አለ።

ጦርነቱ ዓመት አልፎት ኦሞ በሞላበት ወቅት፣ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ከጣቢያዎቹ ጥሪ በፊት፣ የሁለቱ ወንድማማቾች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቢሮዬ መጡ። አጠገባቸው በክራንች የቆመ ወጣት አለ፤ ግንባር ላይ ቆስሎ የተመለሰ የዚያው አካባቢ ልጅ ነው። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም። ሽማግሌ ሰው ወንበር ተሰጥቶት ካልተቀመጠ ያመጣው ነገር ደህና አይደለም።

ወጣቱ ነገረኝ። ከታናሽየው ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። ሲወድቅ አጠገቡ ነበር፤ የቀበሩትም እነሱ ናቸው። «አየህ ወይስ ሰማህ?» አልኩት። ጭካኔ ይመስላል፤ ግን መጠየቅ ነበረብኝ። «አየሁ ጋሼ። በዚህ እጄ ነው አፈር ያለበስኩት» አለኝ። ያ ሳቂታ ልጅ በሩ ላይ የቆመው ታየኝ። ያስጠጋሁላቸው ወንበር ላይ እኔው ተቀመጥኩ።

የሟቹ እናት አልሰማችም። የጦሩ መርዶ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ይህ ወጣት ግን ለእናቱ ነግሯታል፣ እናቱም ለእህቷ፤ ወሬው ካኮ ሊገባ የቀረው አንድ ገበያ ነው። የካኮ ገበያ ሰኞ ነው። «ያቺ ሴት ሰኞ ሙዟን ዘርግታ ተቀምጣ፣ የልጇን ሞት ከገዢ አፍ ልትሰማ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ትልቁ ልጇ ሳይኖር ደግሞ እኛ አንነግራትም። ሌላ ማን አላት? ብቻዋን ብንነግራት ትሞትብናለች።»

እኛ ዘንድ መርዶ ሥርዓት አለው። አሪ ሁን አማራ፣ ፕሮቴስታንት ሁን ኦርቶዶክስ፣ በዚህ አንለያይም። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሰውየው እንቅልፉን ከጠገበ በኋላ፣ የሚይዘው ሰው በግራ በቀኙ ከተቀመጠ በኋላ፣ በትልቅ ሰው አፍ። ከሩቅ የሚጠራ ዘመድ ደግሞ እውነቱ አይነገረውም፤ መንገድ ላይ ሆኖ አንድ ነገር ቢሆንስ? ሌላ ሰበብ ተነግሮት ይመጣና ቤቱ ሲደርስ መርዶው ይነገረዋል።

«እንግዲህ በሬዲዮ ጥራልን» አሉኝ። «እናትህ ትንሽ አሟታል፣ ና በለው።»

ትንሽ አሟታል! ያ ኮረብታ ታወሰኝና ደሜ ፈላ። «ጌታዬ፣ እኔ በዚህ ሬዲዮ ውሸት አስተላልፌ አላውቅም።»

«ውሸት አይደለም ልጄ። ሥርዓት ነው።»

«ሥርዓቱን እኔም አውቀዋለሁ። ግን ወንዙ ሞልቷል። ትንሽ አሟታል ካልኩት፣ ትንሽ ከሆነ ውሃው ይጉደል ብሎ ይቀመጣል፤ ሰኞ ያልፋል። በጣም አሟታል ካልኩት ደግሞ እንደ እብድ ጎርፉ ውስጥ ይገባል፤ ሁለተኛ ልጇንም እንቀብራለን።»

«ታዲያ ወንድምህ ሞተ ልትለው ነው? ሰው አገር ብቻውን ተቀምጦ? ሁሉ በሚሰማው መስመር?»

እሳቸውም እውነት አላቸው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዝም ብል ግን ሰኞ አይቀርም። «ለእኔ ይተዉት» አልኩ፤ ምን እንደማደርግ ግን አላወቅሁም።

የጥሪው ሰዓት ደረሰ። ሁለቱ ከኋላዬ ቆመዋል። ጣቢያዎቹን በየተራ ጠራሁ፤ ካንጋተንን ሆን ብዬ መጨረሻ ላይ አደረግሁት። አንዱ ስለ ዱቄት፣ አንዱ ስለ ክትባት ነገረኝ፤ ምን እንዳሉኝ አላውቅም። በመጨረሻ ጠራሁት። «ካንጋተን ይሰማል፤ ተቀበል» አለ በዚያ በረጋ ድምፁ። ተጫንኩ። ምን እንደምትል ሳታውቅ አትጫን እያልኩ ሰው ያሠለጠንኩት ሰውዬ፣ ምን እንደምል ሳላውቅ ተጫንኩ። ከአፌ የወጣው ይህ ነው፦

«እንደምን አደርክ ወንድሜ? ደህና ነህ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በዚያ ሬዲዮ ላይ አንድም ሰው ሰላም ብዬ የማላውቅ ሰው ነኝ እኮ! በየጣቢያው ያለው ሁሉ ጆሮውን እንዳቆመ ታወቀኝ። ልጁ ሲመልስ ድምፁ ሌላ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ማን ሞተብኝ?»

ሽማግሌው ከኋላዬ «ኢየሱስ!» አሉ።

«እናቴ ናት ወይስ ወንድሜ? ተቀበል።»

ከዚህ በኋላ ማላመጥ የለም። በዚያች ደቂቃ አንድ ነገር ብቻ ነው የታየኝ፤ ይህ ሰው ብቻውን ሆኖ መስማት የለበትም። «ጣቢያዎች በሙሉ መስመሩን ልቀቁ» አልኩ። ከዚያ «ካንጋተን፣ ክፍሉ ውስጥ አብሮህ ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

«ውጣና ሰው ጥራ። የምትወዳቸውን ሰዎች ጥራ። አጠገብህ ሲቀመጡ መልሰህ ጥራኝ። እነግርሃለሁ፤ አልደብቅህም። ተቀበል።»

«ደርሷል» አለ።

ጠበቅን። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። ወጣቱ በክራንቹ ላይ ተደግፎ የግድግዳውን ካርታ ያያል፤ ካንጋተንን ይሁን ሰሜንን የሚፈልገው አላወቅሁም። በመስመሩ ላይ አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም። እነዚያ ለአንድ ሰላምታ የሚጋፉት ሁሉ ዝም ብለው አብረውን ጠበቁ።

«መጥተዋል» አለኝ ሲመለስ። ፖሊሱ፣ የጤና ጣቢያው ሠራተኛና ጀልባ የሚያሻግሩት የኛንጋቶም ሽማግሌ ናቸው። «አጠገብህ ተቀምጠዋል?» አልኩት። «ሽማግሌው እጄን ይዘውኛል።»

ነገርኩት። «ወንድምህ ግንባር ላይ ሞቷል። ያየውና የቀበረው ሰው እዚህ አለ። እናትህ አልሰማችም። ሰኞ ገበያ ሳይቆም ካኮ መድረስ አለብህ። ድገም፤ ተቀበል።»

ድገም! ቃሉን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። መልዕክት ሰጥቼ ድገም ሳልል ጨርሼ አላውቅማ! ሽማግሌው ትከሻዬን ጨመደዱኝ። ተው አትድገም ልል ብል መስመሩ ተይዟል፤ ተጭኖታል። መጀመሪያ ትንፋሹ መጣ። ከዚያ ደገመ።

«ወንድሜ ግንባር ላይ ሞቷል። ያየውና የቀበረው ሰው እዚያ አለ። እናቴ አልሰማችም። ሰኞ ገበያ ሳይቆም ካኮ መድረስ አለብኝ።»

አንድ ቃል አልጎደለም። ግን ተቀበል አላለም፣ መነጋገሪያውንም አልለቀቀም። ልቅሶው መጣ። በሌላ ቀን እንዲህ ተጭኖ የቆየን ሰው ከጣቢያው እስከማባረር እደርስ ነበር፤ አንዱ ከያዘው መስመሩ ለሁሉም ይዘጋላ። ያን ቀን ይያዘው አልኩ። ኦሞ ዳር፣ ሐመር ቆላ፣ በየክፍሉ የተቀመጠው ሁሉ ያንን ልቅሶ ሰማ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ብዙ ዓመት ቆይቶ ስለዚያ ድገም ጠይቄው ነበር። «የገባኝ ስደግመው ነው ጋሼ» አለኝ።

በልቅሶው መሃል የዚያ የጀልባ ሽማግሌ ድምፅ ይሰማል። በቋንቋቸው አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ መልስ ሲያጡ መልሰው ይጠይቃሉ። በመጨረሻ ልጁ ሳጉን ዋጥ አድርጎ ጠራኝ። «ጋሼ፣ የገደለው የማን ልጅ ነው ይላሉ። ምን ልበላቸው? ተቀበል።»

ወደ ወጣቱ ዞርኩ። «ከባድ መሣሪያ ነው» አለ፤ «ከየት እንደተተኮሰም አናውቅም።»

«አይታወቅም በላቸው» አልኩ።

ተርጉሞ ነገራቸው። ሽማግሌው አንድ ነገር አሉ። ልጁ መለሰልኝ፦ «ታዲያ ካልታወቀ፣ ከማን ጋር ነው የምትታረቁት? ይላሉ።»

እነሱ ዘንድ ጦርነት ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። የስንቱን ሰው ሞት ከዚያው ከካንጋተን ተቀብያለሁ። ከብት ይነዳል፣ ሰው ይገደላል፣ ቂም ይያዛል፣ ቂም ይወጣል። ግን ገዳይ ስም አለው፣ አባት አለው፣ በረት አለው። ቀኑ ሲደርስ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ከብት ታርዶ ይታረቃሉ። ነገ ተመልሰው ቢጣሉ እንኳ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ያውቁታል። እኔ ግን ሰሜን እያለሁ መድፍ የሚነጣጠርበትን ቁጥር በዚህ አፌ ስንት ጊዜ አስተላልፌያለሁ! ቁጥሩን አስደግሜ፣ ትክክል ነው ብዬ፣ ሻይ ጠጥቻለሁ። እዚያ የወደቀው የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም፤ አባቱ መንገድ ላይ ቢያገኘኝ እሱም አያውቀኝም። «ይጠብቁ በላቸው» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

የሚያሻግረው ሰው ይገኝ ይሆን ብዬ ስጨነቅ፣ እኚያው ሽማግሌ ተነሱ። ያን ሰሞን ያንን ውሃ የሚደፍር ጀልባ አልነበረም። ጀልባውን ዳር ዳሩን ወደ ላይ ረጅም መንገድ ጎትተው ወስደው፣ ከዚያ ወንዙ ቁልቁል እያወረዳቸው እየቀዘፉ አሻገሩት። ሬዲዮው ላይ የቀረው ፖሊስ ለማጅ ስለሆነ «ሰመጡ መሰለኝ!» ብሎ ነፍሴን አወጣት። «ምን አየህ?» ብዬ ጮህኩበት። «ግንድ አየሁ።» «ግንድ ከሆነ ግንድ በል!» ቆይቶ «ማዶ ቆመው እጃቸውን እያወዛወዙ ነው» አለ። ያን ጊዜ ነው ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ እንዳልቀመስኩ ያወቅሁት።

ከዚያ በኋላ ጣቢያዎቹ ሳላዛቸው ተቀባበሉት። ቅዳሜ የቱርሚ ጣቢያ «በእግሩ ገብቷል፤ እግሩ ተላልጧል፤ የእህል መኪና ላይ ጭነነዋል፤ ተቀበል» አለ። መኪናው የወንዝ አሸዋ ውስጥ ተይዞ ቆመ። እሁድ ከዲመካ «ሌላ መኪና አግኝቷል» ተባለ። የጦር እንቅስቃሴ እንዲህ በጥራት ሪፖርት ሲደረግልኝ አላውቅም። የአንድ ሰው ጉዞ ነው፤ ሁሉም ግን እናቲቱን እያሰበ ነበር።

እሁድ ማምሻውን ካኮ ደረሰ። እናቱ ቤት አልገባም፤ አጎቱ ቤት ደብቀው አሳደሩት። እኔና ሽማግሌው ከጂንካ መጥተን እዚያው አደርን። ጎህ ሲቀድ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተነሳን። ሁሉን ነገር ተስማምተንበታል። ልጁ ከኋላ ይሆናል፤ ሽማግሌው ቀድመው ገብተው ያስቀምጧታል፤ ይጸለያል፤ ቃሉን ይነግሯታል፤ ያን ጊዜ ልጁ ገብቶ ይይዛታል። ሽማግሌው መንገድ ላይ የሚናገሩትን እያጠኑ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የጦር ዕቅድ ነው የሚመስለው፤ እንደ ጦር ዕቅድም ገና ከጅምሩ ፈረሰ።

እናቲቱ ተኝታ አልነበረችም። የገበያ ቀን ነውና ሙዟን ደጅ አውጥታ በእንሰት ቅጠል እየጠቀለለች ነው። ቀና ስትል፣ ከሁላችንም ኋላ የቆመውን ልጇን አየችው። እናት ናት፤ ሌላ ሰው አልታያትም። «ልጄ! ልጄ መጣ!» ብላ ሙዙን ረግጣ ሮጠች። እልል አለች። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ግንባሩን ሳመችው፣ ጉንጩን ሳመችው። «ከስተሃል! ምን እያበሉህ ነው እዚያ? በየት በኩል መጣህ? ወንዙስ?» እኛ እዚያው ቆመናል፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ በትከሻው ላይ አሻግራ አየችን። በዚያ ሰዓት፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ተከታትለው የሚመጡ ሽማግሌዎች ምን ይዘው እንደሚመጡ የማያውቅ ሰው አገራችን ውስጥ የለም። ፊቷ ላይ ያለው ሳቅ ሳይጠፋ ደርቆ ቀረ። ልጇን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ራቅ አደረገችው። ከራሱ እስከ እግሩ አየችው። ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ክንዱን ዳበሰችው።

«አንተ ደህና ነህ?» አለችው በቀስታ።

«ደህና ነኝ እማ።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው «እህታችን፣ እስቲ ቁጭ እንበል፤ ጌታ...» ብለው ጀመሩ። አልሰማቻቸውም። ያሏት ሁለት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ይኸው ፊቷ ቆሟል።

«ምነው ባልመጣህ» አለችው። «ምነው ባልመጣህ ልጄ! ምነው እዚያው በቀረህ!» እያለች፣ እንዳይሄድባት ሸሚዙን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችው።